ሰባት ድርሰትና አንድ የሠርግ ዜማ፦ የአንድ ፒያኒስት የጃዝ አልበም እንዴት ተቀረጸ

ይህ የጉዳይ ጥናት በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ስለተቀረጸ አንድ የጃዝ አልበም ነው። የአልበሙ ባለቤት ፒያኒስት ናት። እኔ ቀረጻውን የመራሁት ሰው ነኝ። ሥራው ሁለት ጊዜ ተጀምሯል፤ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ወድቋል፣ ሁለተኛው ዛሬ ሰው የሚያዳምጠው ነው። በሁለቱም ጊዜ ሙዚቀኞቹ እነዚያው፣ ድርሰቶቹም እነዚያው ነበሩ። የተለወጠው የሠራንበት መንገድ ብቻ ነበር። ስለዚህ መዝግቦ ማስቀመጡ ለሌላው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የማንንም ስም አልጠቅስም፤ ሁሉም ግን ጽሑፉን አይተው ፈቅደዋል።

ሰዎቹና ድርሰቶቹ

ፒያኒስቷ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ናት። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምራለች። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ማታ ማታ በሆቴሎች ስትጫወት ኖራለች። እንግዳ የሚጠይቀውን ዘፈን ትጫወታለች፤ የራሷን ግን እቤቷ በደብተር ላይ ትጽፋለች። ወደ እኔ ስትመጣ ስምንት ያለቁ ድርሰቶች ነበሯት። ሦስቱ በችክችካ፣ ማለትም በስድስት ስምንተኛ ምት የሚሄዱ ናቸው። አንዱ ምንም ቋሚ ምት የለውም። የቀሩት በዝግታ የሚጓዙ ናቸው።

ባንዱ አምስት ሰው ነው፦ ፒያኖ፣ ኮንትራባስ (ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ ባስ፣ ቤዝም እንለዋለን)፣ ድራም፣ ቴነር ሳክስፎን፣ በሁለት ዜማ ላይ ደግሞ መሲንቆ። ሳክስፎን ተጫዋቹ በደርግ ዘመን በሆቴል ባንዶች ውስጥ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። መሲንቆ ተጫዋቹ የወሎ ሰው ነው፤ ሌሊት ሌሊት በአዝማሪ ቤት ይሠራል።

ስለ ድርሰቶቹ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ በኋላ የገጠሙን ችግሮች ሁሉ ከዚያ ይነሳሉና። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች ናቸው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ካስቀረጹ ወዲህ እነዚህን ቅኝቶች ከጃዝ ኮርድ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ከሚመቱ ድምፆች ጋር የማገናኘቱ ሥራ አላቆመም። መንገዱ ግን አደጋ አለው። አንድ የጃዝ ኮርድ አራትና አምስት ድምፅ ይይዛል። ኮርዱ ሲበዛ ቅኝቱ ይሰወራል፤ አንቺሆዬ የነበረው ዜማ ማንኛውም የውጭ ዜማ ይመስላል። ፒያኒስቷ ይህን በደንብ ታውቃለች። ግራ እጇ ብዙ ጊዜ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ባዶ ቦታ ይተዋል። ባዶው ቦታ የሚሞላው በሌሎቹ ነው። እንዲህ ያለ ድርሰት እርስ በርሳቸው የሚሰማሙ ሰዎች ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ቀረጻ

በየካቲት አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ለአምስት ቀን ተከራየን። ስቱዲዮው ፒያኖ አልነበረውም፤ ጥሩ የፒያኖ ድምፅ ያለው ኪቦርድ ነበረው። ከተማው ውስጥ እንደተለመደው በየተራ ለመቅረጽ ወሰንን። መጀመሪያ ክሊክ፣ ማለትም ፍጥነቱን በእኩል የሚቆጥር ድምፅ፣ በሄድፎን ይከፈታል፤ ፒያኒስቷ በክሊኩ ላይ ትጫወታለች፤ ከዚያ ድራሙ፣ ቤዙ፣ በመጨረሻ ሳክሱና መሲንቆው በላዩ ላይ ይገባሉ። ለዘፋኝ አልበም ይህ አሠራር ደህና ነው። ዋጋው ይቀንሳል፣ የተሳሳተው ብቻ ይታረማል፣ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን መገኘት የለበትም። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ለዚህ ሙዚቃ እንደማይሆን ማወቅ ነበረብኝ።

ችግሩ በሁለተኛው ቀን ታየ። በአንዱ የትዝታ ድርሰት ፒያኒስቷ የሐረጉ መጨረሻ ላይ ከመድረሷ በፊት ትንሽ ትዘገያለች። ልማዷ ነው፤ ዜማውን የሚያሳምረውም እሱ ነው። ክሊኩ ግን አይዘገይም። ስለዚህ እየተጫወተች ራሷን ትገታ ጀመር። ቤዙ ሲገባ ደግሞ የሚከተለው ክሊኩን እንጂ እሷን አይደለም። የተቀረጸውን ስናዳምጥ እንዲህ አለች፦ «እኔ ትንፋሽ ስወስድ እሱ አልፎኝ ሄዷል።» ቤዝ ተጫዋቹ ከጎኗ ተቀምጧል፤ አልተከፋም። «አንቺን የት አየሁሽና» አላት። እውነቱን ነው፤ እሷ ስትቀረጽ እሱ እቤቱ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጋሼ መጡ። ሄድፎን አደረጉ፣ አንድ ዜማ እስከ መጨረሻው ሰሙ፣ አልነፉም። ሄድፎኑን አውልቀው፣ «ከማን ጋር ነው የምጫወተው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ቢሆንም ሦስት ዜማ ነፉልን፤ ሁሉም ልክ ነበሩ፣ አንዱም ግን ሶሎ የሚባል አልነበረም። ሶሎ ሲነፋ ከበስተኋላ የሚመልስለት ሰው ያስፈልገዋል። ድራሙ ከሁለት ቀን በፊት ተቀርጾ አልቋል፤ ምን ይመልስላቸዋል?

ከጠቅላላው በጀት ሲሶው በእነዚህ አምስት ቀናት ሄደ። ከተቀረጸው አንድም ደቂቃ አልተጠቀምንበትም።

መለስ ብሎ ማሰብ

ለአንድ ወር ያህል ማንም ስለ አልበሙ አላነሳም። በመጋቢት መነኩሲቷ ፒያኒስትና የሙዚቃ ደራሲ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ። በዚያ ሳምንት ብዙ ሰው የእሳቸውን ፒያኖ እንደገና ያዳምጥ ነበር፤ ፒያኒስቷም እንዲሁ። አንድ ማታ ደውላ፣ «ልብ ብለህ ስማ፣ አንድም ሐረግ ከሌላው ጋር እኩል አይደለም» አለችኝ። እማሆይ ብቻቸውን ነበር የሚጫወቱት፤ ጊዜውን እንደፈለጉ መሳብና መልቀቅ ይችላሉ። የኛ ጥያቄ አምስት ሰው አብሮ እንዲህ መተንፈስ ይችላል ወይ የሚል ሆነ።

በሚያዝያ ተሰብስበን አራት ነገር ወሰንን። ክሊክ አይኖርም። ሄድፎን አይኖርም። ሁሉም በአንድ ክፍል ውስጥ፣ እየተያየ፣ በአንድ ጊዜ ይጫወታል። ፒያኖውም እውነተኛ ፒያኖ ይሆናል። የመጨረሻው ከሁሉም ከባዱ ነበር።

ፒያኖውና ቃኚው

አዲስ አበባ ውስጥ ለቀረጻ የሚሆን ግራንድ ፒያኖ ማግኘት ቀላል አይደለም። ካሉትም ብዙዎቹ በአዳራሽ ውስጥ ተሸፍነው የሚኖሩ ናቸው። ከብዙ ልመና በኋላ አንድ ተቋም አዳራሹን ከነፒያኖው ለአራት ቀን ፈቀደልን። ፒያኖው አሮጌ ነው፤ ድምፁ ግን ሙሉና ሞቅ ያለ ነበር። ችግሩ ለዓመታት አለመቃኘቱ ነው።

ቃኚው በዕድሜ የገፉ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ሹካ የሚመስለውን የመቃኛ ብረታቸውን ጉልበታቸው ላይ መትተው ጆሯቸው ጋ አደረጉ፣ «ላ» የሚባለውን ድምፅ በፒያኖው ላይ ነኩ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ። ፒያኖው በሙሉ ወርዷል። ዛሬ ዓለም የሚቃኝበት «ላ» 440 ኸርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት) ነው፤ የኛው 435 አካባቢ ነበር። ይህ ማለት ከግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ብሏል። አንድ ፒያኖ 230 ገደማ ክር አለው፤ ክሮቹ በአንድነት የሚስቡት ኃይል ከ15 ቶን ይበልጣል። ያንን ሁሉ በአንዴ ወደ 440 መሳብ ይቻላል፤ ያረጀ ክር ግን ሊበጠስ ይችላል፣ የተሳበውም ወዲያው አይረጋም፤ ደጋግሞ መቃኘት ይጠይቃል። ምትክ ክር ከውጭ ነው የሚመጣው። ፒያኖውም የኛ አይደለም።

ቃኚው ጥያቄ ጠየቁ፦ «ከፒያኖው ጋር የሚጫወቱት ምን ምን ናቸው?» ዘረዘርንላቸው። «ሳክሱ መንፊያ አፉን ትንሽ ያወጣል፣ ባሱም መሲንቆውም ክራቸውን ያላሉ፤ ሁሉም ወደ ፒያኖው ይወርዳሉ። ታዲያ ፒያኖውን ለምን ታስቸግሩታላችሁ? ባለበት ይቃኝ» አሉ። ባለበት ተቃኘ። በ435 ላይ ክሮቹ እርስ በርሳቸው ተስማሙ። አንድም ክር አልተበጠሰም። በጠቅላላው ሥራ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ምክር አላገኘንም። ያስከፈለን ዋጋ በኋላ ይመጣል።

ቅኝቱ የተደረገው በግንቦት አጋማሽ፣ በደረቁ ጊዜ ነው። ቀረጻው በዚያው ሳምንት እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ አዳራሹ ለሌላ ጉዳይ ተፈለገና ወደ ሰኔ መጨረሻ ተገፋ። በመሐል ክረምት ገባ። ከፒያኖው ክሮች ሥር ያለው ሰፊ ሳንቃ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ክሮቹን ወደ ላይ ይገፋቸዋል። የሚገፋቸው ግን እኩል አይደለም፤ መካከለኛዎቹ ድምፆች ከዳርና ከዳር ካሉት ይበልጥ ይወጣሉ። ለሙከራ በሄድንበት ቀን ፒያኒስቷ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም አንዱን ድምፅ ከታችና ከላይ በአንድ ጊዜ፣ ነካችና እጇን አነሳች። ቃኚው ተመልሰው መምጣት ነበረባቸው። ከዚያ በኋላ በየቀረጻው ማለዳ ለአንድ ሰዓት እየመጡ መካከሉን ያስተካክሉ ነበር። ለዚህ በጀት አልያዝንም ነበር፤ ከምሳ ገንዘባችን ቀንሰን ከፈልናቸው።

ልምምድና የወሎው ዜማ

ከቀረጻው በፊት አስራ አንድ ጊዜ ተለማመድን፤ በፒያኒስቷ ሳሎን፣ በኪቦርድ። ስለ ልምምዱ ሁለት ነገር ብቻ ላንሳ።

የመጀመሪያው የመሲንቆው ጉዳይ ነው። መሲንቆ አንድ ክር ነው፤ ድምፁ የሚገኘው ጣት በነካበት ቦታ ላይ ነው፣ ቁልፍ የለውም። በአንቺሆዬው ድርሰት ላይ የተጫዋቹ ሁለተኛ ድምፅ ከፒያኖው ቁልፍ በትንሹ ከፍ ትል ነበር። አብረው ሲመቱ ይጎረብጣል። መጀመሪያ እሱን ለማረም ሞከርን፤ ዝቅ ሲያደርገው ዜማው ሞተ። ለሦስት ቀን ተጨነቅን። ከዚያ ፒያኒስቷ እርሳሷን አንስታ ከግራ እጇ ኖታ ላይ ያቺን ድምፅ በሙሉ ሰረዘቻት። እሱ በሚጫወትበት ቦታ ሁሉ እሷ አትነካትም። እንደገና ሲጫወቱት ጉርብጡ የለም። አጃቢው ኮርድ ሦስት ድምፅ የነበረው ሁለት ሆነ፤ ለአድማጭ ግን ሰፊ ሆኖ ነው የሚሰማው።

ሁለተኛው ከባድ ነው። ስድስተኛው ድርሰት በባቲ የተሠራ፣ ፒያኒስቷ ከሁሉም አብልጣ የምትወደው ነበር። ዜማው ከልጅነቷ ጀምሮ በጭንቅላቷ ውስጥ ይዞር እንደነበር ነግራናለች። መሲንቆ ተጫዋቹ በዚህ ዜማ ላይ አይጫወትም ነበር፤ አንድ ቀን ግን ቀድሞ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሰማው። ሲያልቅ ፈገግ ብሎ፣ «ይሄማ የኛ አገር የሠርግ ዜማ አይደል እንዴ» አለ። መሲንቆውን አንስቶ ተጫወተው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሐረጎች አንድ ናቸው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ፒያኒስቷ ፊቷ ተለወጠ። የሰረቀች መሰላት፤ አልሰረቀችም። ሴት አያቷ የወሎ ሰው ነበሩ፤ ከእሳቸው ሳትሰማው አልቀረችም። ባቲና አምባሰል እኮ የቅኝት ስም ከመሆናቸው በፊት የወሎ ቦታዎች ናቸው፤ ከዚያ አገር የወጣ ጆሮ ይህን ዜማ ከየት እንዳገኘው ላያውቅ ይችላል። አንዳንዶቻችን ከአልበሙ እንዲወጣ ሐሳብ ሰጠን፣ ሌሎች ማንም አያውቀውም አሉ። የሚያውቀው ሰው ግን ጥግ ላይ ተቀምጧል። በሚቀጥለው ልምምድ ራሷ ውሳኔዋን ይዛ መጣች። ዜማው አልበሙ ላይ ይኖራል፤ ከስሙ ሥር ግን «ድርሰት» የሚለው ተሰርዞ «የሕዝብ ዜማ፣ ቅንብር የፒያኒስቷ» ተብሎ ይጻፋል፤ መሲንቆውም ይገባበታል። መሲንቆው ከሁለት ዜማ ወደ ሦስት የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ስምንት ድርሰት ብለን የጀመርነው አልበም ሰባት ድርሰትና አንድ የሠርግ ዜማ ሆነ። ይህ ውሳኔ ከአልበሙ ጥራት ጋር የተያያዘ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ከዚያ ቀን ወዲህ መሲንቆ ተጫዋቹ እንግዳ መሆኑን አቁሞ የባንዱ ሰው ሆነ።

አራቱ ቀናት

በክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው የሚመጣው። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲመታው ክፍሉ ውስጥ ሰው ሰውን አይሰማም፤ እንኳን ኮንትራባስ ሊቀረጽ። ስለዚህ ሥራው ጠዋት መሆን ነበረበት። ሙዚቀኞቹ ደግሞ ሌሊት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። መሲንቆ ተጫዋቹ ከንጋቱ 10 ሰዓት በፊት ሥራውን አይጨርስም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንዲገኝ ብንጠራው ይመጣል፤ ጣቱ ግን ተኝቷል። ያደረግነው ይህን ነው፦ ከየቀረጻው ቀን በፊት ያለውን ሌሊት ከሥራ እንዲቀሩ ጠየቅን፤ የዚያን ሌሊት ገቢያቸውንም ከፈልን። ሽልማትን ግን ገምተን ነው የከፈልነው፤ አዝማሪ ሌሊቱን የሚያገኘው በቁርጥ አይደለምና። ሥራው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ሆነ። በቀን ሁለት ዜማ፣ ለእያንዳንዱ ቢበዛ ሦስት ጊዜ።

አቀማመጡ ቀላል ነበር። ፒያኖው መሐል ላይ፣ ክዳኑ በአጭሩ እንጨት ተደግፎ። ኮንትራባሱ በፒያኒስቷ ግራ፣ እጇን በሚያይበት ቦታ። ድራሙ ፊት ለፊቷ፣ ሥሩ ወፍራም ምንጣፍ ተነጥፎ፤ ድራም ተጫዋቹ አብዛኛውን በብሩሽ ነው የተጫወተው። ጋሼ ሦስት ሜትር ራቅ ብለው፣ ከኋላቸው ጋቢ የተሰቀለበት መደርደሪያ። ዘጠኝ ማይክ ተጠቀምን፤ ሁለት ለፒያኖ፣ ሁለት ለድራም፣ አንድ አንድ ለባሱ፣ ለሳክሱና ለመሲንቆው፣ ሁለት ደግሞ ለክፍሉ። የሳክሱ ድምፅ በፒያኖው ማይክ ይገባል፤ የድራሙ በሁሉም። አንድ ሰው ቢሳሳት እሱን ብቻ ለይቶ ማረም አይቻልም። ይህን አውቀን ነው የገባንበት። ጋሼ በመጀመሪያው ቀን፣ «ድሮም እኛ እንዲህ ነበር የምንቀረጸው፤ የተሳሳተ ሁሉንም ያስደግማል» አሉ። ያ ፍርሃት ሰውን ያነቃል።

ከሦስቱ አብዛኛውን ጊዜ የተመረጠው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ጥንቃቄ ይበዛበታል፤ ሦስተኛው ላይ የሠራውን ለመድገም የሚሞክር ሰው አይጠፋም። ክሊክ ባለመኖሩ ከሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ክፍል ቆርጦ መቀጠል አስቸጋሪ ነው፤ ፍጥነታቸው አይገጥምምና። በጠቅላላው አልበም ላይ ሦስት ቦታ ብቻ ተቆርጧል፣ ሁሉም ሙሉ ባንዱ ዝም ባለበት ቦታ።

በትዝታው ድርሰት ላይ የየካቲቱ ችግር የት እንደገባ ላሳይ። ፒያኒስቷ የሐረጉ መጨረሻ ጋ ስትደርስ የቀኝ ትከሻዋ በትንሹ ከፍ ይላል። ቤዝ ተጫዋቹ ዓይኑ እዚያ ላይ ነው። ትከሻዋ ከፍ ሲል ጣቱን በክሩ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል፤ ሲወርድ አብሯት ይመታል። ድራም ተጫዋቹ ደግሞ እሱን ያያል። ማንም አልቆጠረም። በየካቲት በአምስት ቀን ያላገኘነው ነገር በመጀመሪያው ጠዋት፣ ከምሳ በፊት ተገኘ።

በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩና የመቅረጫው መሣሪያ በመጠባበቂያ ባትሪ ላይ ስለነበሩ አልጠፉም፤ አርባ ደቂቃ ያህል ሊያቆዩን ይችሉ ነበር። ችግሩ ከጎረቤት ሕንፃ የተነሳው ጄኔሬተር ነው። ለጆሮ ብዙም አይሰማም፤ የኮንትራባሱ ማይክ ግን ጉርምርምታውን በደንብ ይዞታል። ከዘበኞቹ አንዱ ሄዶ ለሃያ ደቂቃ እንዲያጠፉልን ለመነ፤ አጠፉልን። የአንቺሆዬው ድርሰት ዛሬ የሚሰማው ቅጂ በዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ የተቀረጸው ነው።

ያልሆነልን

በአንዱ ድርሰት ላይ ቪብራፎን፣ ማለትም የተደረደሩ ብረቶቹ በመዶሻ እየተመቱ የሚጫወቱት መሣሪያ፣ እንዲገባ ታስቦ ነበር። ተጫዋቹ በሦስተኛው ቀን መሣሪያውን ጭኖ መጣ፣ ገጣጠመ፣ አንድ ድምፅ መታ። ሁላችንም ተያየን። የቪብራፎን ብረት በፋብሪካ ተስተካክሎ የሚመጣ ነው፤ እንደ ሳክስ አፉን አያወጣም፣ እንደ መሲንቆ አይላላም። የኛ ፒያኖ 435 ላይ ነው። ቃኚው ከፒያኖው ጋር የሚጫወተውን ሲጠይቁን ስለ ቪብራፎን ያልነገርናቸው ስላላሰብነው ነው፤ በአንድ ዜማ ላይ ብቻ የሚገባ እንግዳ ነበርና። ሰውየው ሙሉ ክፍያውን ወስዶ ይቅርታ ጠይቀነው ተመለሰ። ክፍሉን ሳክሱ ነፋው፤ ደህና ነው፤ ፒያኒስቷ የጻፈችው ግን ያንን አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ዝናቡ ቀደመ። ምት የሌለውን ድርሰት ለሁለተኛ ጊዜ እየተጫወቱ ሳለ፣ ከሁሉም የተሻለው ቅጂ ላይ፣ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ቆርቆሮው መንጫጫት ጀመረ። በኋላ ድምፅ በሚያጸዳ ሶፍትዌር ዝናቡን ለማውጣት ሁለት ቀን ሠራሁ። ዝናቡ ወጣ፤ አብሮት ግን የፒያኖው ድምፅ ጅራት፣ ክሩ ቀስ እያለ የሚጠፋበት ክፍል፣ ተበላ። ፒያኒስቷ አንድ ጊዜ ሰምታ «ይሄ የኔ ፒያኖ አይደለም» አለች። አልበሙ ላይ ያለው የመጀመሪያው ቅጂ ነው፣ ጥንቃቄ የበዛበት። እስከ ዛሬ ያንን ዜማ ስሰማ የጠፋው ሁለተኛው ነው የሚታወሰኝ።

ስምና ድርሻ

ሚክሲንጉ፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች ማመጣጠኑ፣ ቀላል ሆነ፤ ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ሚዛን መጠበቅ ብቻ ነበር። ማስተሪንጉን፣ ማለትም የመጨረሻውን የድምፅ ማስተካከያ፣ ሌላ ሰው ሠራው። አልበሙ 43 ደቂቃ ሆኖ በአከፋፋይ በኩል በኢንተርኔት ወጣ። አንድ ወር ሳይሞላው ቤዝ ተጫዋቹ ደወለ። አምስተኛው ድርሰት የሚጀምረው በኮንትራባስ ሐረግ ነው፤ ዜማው በሙሉ የቆመው በዚያ ላይ ነው። ሐረጉን በልምምድ ላይ ያመጣው እሱ ነው። ድርሰት ተብሎ የተመዘገበው ግን በፒያኒስቷ ስም ብቻ ነው። አልጮኸም፤ «ስሜን አላየሁትም» ብቻ ነው ያለው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የጋራ ሥራን ያውቃል፤ የጋራ አመንጪዎች የጋራ ባለመብት ናቸው፣ የኢኮኖሚ መብቱም ከመጨረሻው አመንጪ ሞት በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ጉዳዩ የምስጋና ብቻ አይደለም፤ የልጆቹ ጉዳይ ነው። ዜማውንና ኮርዱን የጻፈችው እሷ ብትሆንም፣ ያለዚያ የባስ ሐረግ ድርሰቱ ሌላ እንደሚሆን ፒያኒስቷ አመነች። ሦስታችን ቡና ይዘን ተቀመጥን፤ ከመቶ ሰባው ለእሷ፣ ሠላሳው ለእሱ ሆኖ በወረቀት ተፈረመ። በአከፋፋዩ ላይ ያለውን መረጃ ማስተካከል ግን ሳምንታት ፈጀ፤ አንዴ የወጣ መረጃ በየመድረኩ ተበትኗልና። በልምምድ ጊዜ ቢሆን ግማሽ ገጽና አምስት ደቂቃ ነበር የሚበቃው።

ለሌላ ሠሪ የሚተርፈው

መጀመሪያ የሚወሰነው ስቱዲዮው ሳይሆን ድርሰቱ ምን እንደሚጠይቅ ነው። ዘፋኝ መሐል ላይ ያለበት ሥራ በየተራ ቢቀረጽ ብዙ አይጎዳም። ባዶ ቦታ የሚተው፣ ሶሎ ያለበት፣ ጊዜውን የሚስብና የሚለቅ ሙዚቃ ግን ሰዎቹ በሚተያዩበት ክፍል ካልሆነ አይያዝም። በየካቲት ያወጣነው ገንዘብ ለሁለት ተጨማሪ የቀረጻ ቀን ይበቃ ነበር፤ ሁለት ቀን ቢጨመር የዝናቡን ዜማ እናድነው ነበር።

አብሮ መቅረጽ የሚቻለው ልምምዱ ካለቀ ብቻ ነው። ከአስራ አንዱ ልምምድ ስድስቱ ላይ ብናቆም ኖሮ በየቀኑ ሁለት ዜማ አይወጣም ነበር። ለልምምድም ክፍያ ይኑረው፤ እኛ የትራንስፖርት ብቻ ነው የሰጠነው፣ ትክክል አልነበረም።

ሌሊት የሚሠራን ሙዚቀኛ ጠዋት የሚፈልግ ሰው ሌሊቱን ይግዛ። ከከፈልነው ሁሉ በግልጽ ውጤት የታየበት ይህ ነው።

ድርሰቶቹ ከመቀረጻቸው በፊት የቅኝቱ አገር ሰው ይስማቸው። የሕዝብ ዜማ ሆኖ ከተገኘ የሕዝብ ተብሎ ይጻፍ፤ ያቀናበረው ሰው ክብር አይቀንስም። ማን ምን እንዳመጣም በመጨረሻው ልምምድ ዕለት፣ ሁሉም ባሉበት፣ ከነመቶኛው ይጻፍና ይፈረም።

ፒያኖ ካለ ቀረጻው ቢቻል ከጥቅምት እስከ ጥር ይሁን፤ ክረምት ከሆነ ግን ቃኚው ለእያንዳንዱ ማለዳ ተቀጥረው በጀቱ ላይ ይግቡ። ፒያኖው ከ440 ዝቅ ብሎ ባለበት እንዲቃኝ ከተፈለገ፣ ከቃኚው ቀጠሮ በፊት አልበሙ ላይ የሚገቡት መሣሪያዎች ሁሉ፣ ለአንድ ዜማ ብቻ የሚመጣው እንግዳም ሳይቀር፣ ተጽፈው ዝርዝሩ ለቃኚው ይሰጥ።